ያዳልጣል

በጥር ነው የሄድነው፣
አዳማ በአቧራ ዓይኗን ስታሽ ውላ፣
ሶስና ልጃችን «አንዴ እንኳን እዩኝ» ብላ፣
ሁለት ቲኬት ላከች፤ መሄጃና መምጫ፣
ቀን የተቆረጠለት፣ የሌለው ማምለጫ።

ካፖርት የት ይገኛል? እዚህ ማን ለብሶት ያውቃል?
ጎረቤቴ ጉተማ ግን አንድ ከሣጥኑ አውጥቷል፤
አርሲ ለለቅሶ ሲወጣ የሚደርበውን፤
«አደራህን» አለኝ፣ «ብርድ እንዳይመታው ኮቴን።»

ቪየና ነጭ ናት።
እኛ የምናውቀው በረዶ ቆርቆሮ ደብድቦ፣
ልጆች ሳይለቅሙት ያልቃል፣ ውሃ ሆኖ፣ ጠቦ፤
ያኛው ግን ድምፅ የለው፤
እንደ ዱቄት ወርዶ፣
እንደ እንግዳ ተቀምጦ አልነሳም ያለው።

አየን የሚታየውን።
ሰው በሣጥን ጭኖ ሰማይ ላይ የሚዞር ጎማ፤
(አስካለ ቀና ብላ፣
«የእኛ ጋራ ላይ ያሉት ሲዞሩ መብራት ይሰጣሉ፤
ይኼ ምን ይሰጣል?» አለች፣ ሶስና እንዳትሰማ።)
ንጉሥ የተኛበት አልጋ፣ በገመድ የታጠረ፤
(«አጭር ነው» አለች፣ «እግሩ የት ያርፍ ነበረ?»)

ባቡር ጣቢያው ጋ ግን እኔ ነኝ የቆየሁት፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት አዳማ ላይ ቲኬት የቆረጥኩት።
ሰሌዳው ሥር ቆሜ፣ የደቂቃ ቃል ሲከበር፣
ሰባት ከአራት ያለው ባቡር ሰባት ከአራት ሲበር፣
የእኛን አሰብኩ፤ ጠዋት ብለን ለማታ፣
ማታ ብለን ለማግስቱ፤
ሕዝቡ ሻንጣው ላይ ተኝቶ፣ በእርጋታ።

ጋሪም አየን።
ነጂው ባርኔጣ፣ ፈረሱ ብርድ ልብስ ለብሷል፤
አስካለ ዋጋውን በብር መንዝራ፣
«በዚህማ» አለች፣ «እኛ ሰፈር
ፈረሱም ባለጋሪውም ይሸጣል።»

በሦስተኛው ቀን ነው።
ቀን የቀለጠው በረዶ ሌሊት ተመልሶ ሲረጋ፣
መንገዱ መስታወት ሆኖ ሲነጋ፣
አንድ እግሬ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ ሲሄድብኝ፣
እጇን ሰደደች አስካለ፤ ያዘችኝ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት።
አራት ወልደናል፤ አንዱን ቀብረናል፤
እጅ ለእጅ ተያይዘን ግን፣ ሰው ፊት፣ መቼ ሄደናል?
እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ ሦስት እርምጃ ተራርቀን፣
«ምን ሆኑ?» እንዳይል መንደሩ፣
ዕድሜ ልክ ተጠንቅቀን።

ከዚያ ወዲያ ምን እንዳየሁ እንጃ።
ሶስና ታወራለች፤ ይኼ በዚህ ዘመን፣ ያ በዚያ፤
ሐውልት፣ ድልድይ፣ የወንዝ ዳር፤
እኔ ግን አምስት ጣት ነበር የምቆጥር።
ቀዝቃዛ ነበሩ መጀመሪያ፤ ቀስ እያሉ ሞቁ።
«ያዳልጣል» ትላለች፣
አሸዋ የተበተነበትም ላይ፣
እርግቦች እንኳን በደረቅ በሚራመዱበት ላይ።
እኔም «አዎን» እላለሁ።

ተመለስን።
ጉተማ ኮቱን ተቀብሎ፣ ገልብጦ አሸተተ፤
«ምን ምን ይላል ቪየና?»
«መንገድ ላይ የሚጠበስ ስሙን የማላውቀው ፍሬ» አልኩት፣
አመነኝ መሰለኝ፤ ሣጥኑን ከፈተ።
ለጠየቀ ሁሉ አስካለ ስለ አልጋው ታወራለች፣
እኔ ስለ ሰባት ከአራቱ ባቡር።
ስለ እጅ የጠየቀ የለም።
እኛም ቤት ውስጥ አላነሳነው፤
ከኮቱ ጋር የመለስነው መስሎኝ ነበር።

ትናንት ከፍራንኮ ወደ ታች ስንወርድ፣
አስፋልቱ በፀሐይ ሲግል፣ ነፋሱ ፌስታል ሲያሳድድ፣
ጡሩምባውን ሲነፋ ባጃጁ፣
የሰፈሩ ሰው ወጥቶ ሲያይ በየደጁ፣
እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ እንደ ወትሮው፣
ሦስት እርምጃ ተራርቀን፤

ከኋላዬ ሰማሁ።
«ኧረ ቀስ በል» አለች፣
ዝናብ ካየ አራት ወር ያለፈውን መሬት እየረገጠች፤
«ያዳልጣል።»

ቆምኩ።
ዘወር አላልኩም።
እጄን ብቻ ወደ ኋላ ሰደድኩ።